የኃላፊው በርና የባለጉዳዩ ቀን

የሥራ መሪ ሐሳቡን ሰብስቦ የሚሠራበት ያልተቋረጠ ሰዓት ያስፈልገዋል የሚለው ምክር በአመራር መጻሕፍት ዘንድ የተለመደ ነው። ምክሩ ግን በአብዛኛው የተጻፈው ከበሩ ላይ ገበሬ ለማይጠብቀው ሰው ነው። በመራዊ ከተማ ያለ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በሩን ለሁለት ሰዓት ቢዘጋ፣ ሌሊት ተነሥቶ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ቀኑ ይባክንበታል፤ ጉዳዩ ለነገ ከተባለም ማደሪያ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ነገሩ ከጊዜ አጠቃቀም አልፎ ፍትሕን ይነካል፤ የኃላፊው ጸጥታ የሚገዛው በማን ቀን ነው?

የአማርኛ ቋንቋ ይህን ጭንቀት ከጥንት ያውቀዋል። በቤተ መንግሥቱ እልፍኝ አስከልካይ ነበረ፤ ስሙ እንደሚለው ወደ እልፍኙ የሚገባውንና የማይገባውን ይለያል። ከደጅ ደግሞ ዳኝነት ወይም ሹመት ፈልጎ ወራት የሚጠብቅ ደጅ ጠኚ ነበረ። ዛሬ በእልፍኝ አስከልካዩ ቦታ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር ተተክታለች። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ እውነት መሆኗ ነው።

ሄንሪ ሚንትዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት አምስት ዋና ሥራ አስፈጻሚዎችን በቅርብ ተከታትሎ፣ ከሥራዎቻቸው ግማሽ ያህሉ ከ9 ደቂቃ በታች የሚወስዱ፣ ከአንድ ሰዓት የሚያልፉት ደግሞ ከአሥር አንድ ያህል ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። መሪዎቹ ራሳቸው መቆራረጡን ብዙም እንዳልተከላከሉ ታዝቧል። ሶፊ ሌሮይ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ ሰው አንዱን ሥራ ሳይቋጭ ወደ ሌላው ሲሻገር የሐሳቡ ከፊል በፊተኛው ላይ እንደሚቀርና የኋለኛው ሥራ እንደሚጎዳ አመልክታለች። ሁለቱ ግኝቶች አይጣሉም። የኃላፊ ሥራ አብዛኛው አጭር ነው፤ ጥቂቱ ግን በቁርጥራጭ ደቂቃ ከተሠራ ይበላሻል።

በመራዊ ዙሪያ ያ ጥቂት ሥራ ምን እንደሆነ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የቆጋ ግድብ የተሠራው 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ ለማልማት ታስቦ ነው። የውሃ ተራ ሲደለደል ከቦዩ ራስ ያለውና ከቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ እኩል እንዲያገኙ ማሰብ በሁለት የስልክ ጥሪዎች መካከል የሚያልቅ ሥራ አይደለም። የይዞታ ክርክር መዝገብም እንዲሁ ነው፤ ስለ ወሰን የተሰጠ አንድ የምስክር ቃል ከታለፈ ውሳኔው ይዛባል፤ የሚከስረውም ያው በር ላይ የቆመው ገበሬ ነው። እንግዲህ የተዘጋው ሰዓት የእርሱም ጥቅም አለበት።

ቁም ነገሩ ያለው ግን ሌላ ዘንድ ነው፤ ሥራውን የሚያቋርጠው ማን እንደሆነ መለየት ይገባል። ባለጉዳዩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ከዞን ወይም ከክልል የሚደወለው ስልክ ግን ተራ አያውቅም፤ «ሪፖርቱ እስከ 9 ሰዓት ይድረስ»፣ «ለአስቸኳይ ስብሰባ ይምጡ»። በርን ዝጉ የሚለው ምክር ደካማውን አቋራጭ ብቻ ይከለክላል፣ ብርቱውን ያሳልፈዋል። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ከተጀመረ ወዲህ የመሥሪያ ቤት ግድግዳዎች አገልግሎቱ በስንት ደቂቃ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ሰሌዳ ሲለጠፍባቸው ኖረዋል። ሰሌዳው ታችኛውን ሠራተኛ ያስራል፤ የበላይ አካል ስብሰባ ለመጥራት ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ እንዳለበት የሚናገር መስፈርት ግን አይታይበትም።

ስለዚህ የትኩረት ሰዓት ጥበቃ ከላይ መጀመር አለበት። ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ከበላይ ምንም ጥሪ እንዳይመጣ ስምምነት ይደረግ፤ ሰዓቱም በበሩ ላይና በየቀበሌው ይለጠፍ፤ የገበያ ቀን አይነካ። በእነዚያ ሰዓታት ምክትሉ ተቀምጦ ባለጉዳይ ያስተናግድ፣ ከነፊርማ ሥልጣኑ። ፊርማ የሌለው ምክትል «ኃላፊው ይምጡ» ከማለት በቀር ምንም አይፈይድምና፤ ያ ሲሆን የተዘጋው በር ወደ አሮጌው ደጅ ጥናት ይመልሳል። በጎጃም የቅኔ ቤቶች ተማሪው ቅኔ ለመቁጠር ከጓደኞቹ ተለይቶ ጥግ ሲይዝ ኮራ የሚለው የለም፤ ምን ሊሠራ እንደተለየና ተመልሶም ለመምህሩ እንደሚነግር ሁሉም ያውቃል።

ይህ ሁሉ በማዳበሪያ ሥርጭት ወቅት አይሠራም። በግንቦትና በሰኔ ዝናቡ ሲቃረብ ኃላፊውን «በትኩረት ሰዓቴ ነኝ» ማሰኘት ቧልት ይሆናል፤ ደንቡ ይህን በግልጽ አስቀምጦ በእነዚያ ሳምንታት ቢታገድ ይሻላል።

ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚቀረው ሥራ ቀላልና ርካሽ ነው። በጥቂት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አንድ ደብተር ለአንድ ወር ተከፍቶ ኃላፊውን ማን እንዳቋረጠው፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ጉዳይና ለስንት ደቂቃ ይመዝገብ፤ ከጎኑም በዚያው ሰዓት በር ላይ ስንት ሰው ይጠብቅ እንደነበረ።