በነገሌ ቦረና ለሚሰነብት ቤተ ሰብ፤ ሆቴል ወይስ የኪራይ ቤት?

ለሥራ ወደ ነገሌ ቦረና፣ ወደ ያቤሎ ወይም ወደ ሞያሌ የሚዛወር ባለቤተ ሰብ ስለ ማረፊያው አስቀድሞ ሊያስብ ይገባዋል።

ቈይታው ከሁለት ሳምንት የማያልፍ እንደ ሆነ ሆቴል ይሻላል፤ አልጋውና ምግቡ ተሰናድቶ ይገኛልና ጓዝ መጫን አያስፈልግም። ብዙ ወራት የሚቀመጥ፣ ይልቁንም ሕፃናት ያሉት ሰው ግን ቤት ቢከራይ ወጪው ይቀልለታል፤ የልጆቹም ምግብ እንደ ለመዱት በቤታቸው ይሰናዳል።

ነገር ግን ከኪራዩ ዋጋ በፊት ስለ ውሃው መጠየቅ ይገባል። በቦረና ምድር ዋናው ዝናም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛውም ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጠበቃል፤ ደጋው ክረምት በሚሆንበት በሐምሌና በነሐሴ ግን አገሩ ደረቅ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናሙ 5 ወቅት ተከታትሎ በመጕደሉ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ስለዚህ የውሃ ማጠራቀሚያ የሌለው ቤት ኪራዩ ቢረክስም ቤተ ሰብን ያስቸግራል። ቈላው ወባ ያለበት ስለ ሆነም ለያንዳንዱ አልጋ አጐበር ማዘጋጀት አይረሳ።

አባወራው አስቀድሞ ብቻውን ሄዶ ጥቂት ቀን በሆቴል ቢያርፍ፣ ቤቱንና ውሃውንም በዓይኑ አይቶ ከተዋዋለ በኋላ ቤተ ሰቡን ቢያስመጣ መልካም ነው።