ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም

የዛሬው ጉዳያችን ርዝመቷ ከ7 ሴንቲሜትር የማትበልጥ አንዲት ቀጭን ሰሌዳ ናት፤ ራም ትባላለች። ዕቃዪቱ ታናሽ ብትሆንም፥ ከወር ደመወዙ ቆጥቦ ለሚገዛት ጀማሪ ሠራተኛና የመመረቂያ ጽሑፉን በአሮጌ ላፕቶፕ ለሚጽፍ ተማሪ ነገሩ ታናሽ አይደለም።

ባለፈው ክረምት የፈተና ጥያቄ ሳዘጋጅ ላፕቶፔ በየገጹ እየቆመ ስላስቸገረኝ፥ ወደ ሮማናት አደባባይ ሄጄ 8 ጊጋባይት ራም ገዛሁ። ዓይነቷን አልጠየቅሁም፤ ሻጩም የጠየቅሁትን ሰጠኝ። ቤቴ ገብቼ ብከታት ያለ ችግር ገባችልኝና ደስ አለኝ። ነገር ግን ማስነሻውን ብጫን ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ሻጩ ደግ ሰው ሆኖ ለወጠልኝ እንጂ ገንዘቤ ውኃ በልቶት ነበር።

በመቀሌ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ መኖር ስስት አይደለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ባንክና ስልክ ለረዥም ጊዜ ተቋርጠው ስለ ነበር፥ ማሽን መለወጥ ቀርቶ የዕለት ቀለብ መሸመትም ጭንቅ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህም ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተወዷል። ስለዚህ ያለውን ማሽን አድሶ መሥራት ብልኅነት ነው፤ አድሳለሁ ብሎ ገንዘብ መጣል ግን ጉዳት ነው።

ራም ምን እንደሆነች በመሥሪያ ቤት ምሳሌ ልንገርዎ። ዲስኩ መዝገብ ቤት ነው፤ ራም ግን የጸሐፊው ጠረጴዛ ናት። ጠረጴዛው ሲጠብ ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ፋይል ወደ መዝገብ ቤት ይመላለሳል፤ ሥራውም ይጓተታል። እንግዲህ አስቀድመው የጠበበው ጠረጴዛው መሆኑን ያረጋግጡ። ማሽንዎ በዊንዶውስ የሚሠራ ከሆነ ኮንትሮል፥ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። በውስጡ ፐርፎርማንስ፥ ቀጥሎም ሚሞሪ የሚለውን ይምረጡ። የዘወትር ሥራዎን እየሠሩ ራሟ ልትሞላ ጥቂት ቀርቷት ካዩ፥ መጨመር ይጠቅማል። ግማሿ ባዶ ሆና ማሽኑ ከዘገየ ግን ምክንያቱ ምናልባት የሚሽከረከረው አሮጌ ዲስክ ነውና ገንዘብዎን ለኤስኤስዲ ያውሉት። ስንት የራም ማስገቢያ እንዳለና ስንቱ እንደተያዘም እዚያው ገጽ ላይ ያገኛሉ።

ራም በትውልድ ትለያለች። የላፕቶፕ ዲዲአር 3 204፥ ዲዲአር 4 260፥ ዲዲአር 5 ደግሞ 262 የመገናኛ ጥርሶች አሏቸው። በጥርሶቹ መካከል ያለችው ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ፥ የአንዱ ትውልድ ራም በሌላው ማስገቢያ አትገባም። ይህ መልካም ጥበቃ ነው። የሚያሳስቱት ግን ዲዲአር 3 እና ዲዲአር 3ኤል ናቸው፤ ጥርሳቸውም ክፍተታቸውም አንድ ነውና። የመጀመሪያዪቱ 1.5 ቮልት ትፈልጋለች፤ ሁለተኛዪቱ በ1.35 ቮልት ትሠራለች። 1.35 ቮልት ብቻ የሚሰጥ ላፕቶፕ ዲዲአር 3ን ተቀብሎ አይነሣም። የእኔም ስሕተት ይኸው ነበረ። መለያው በራሟ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል፤ ፒሲ3 እና ፒሲ3ኤል የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው።

ፍጥነትን በተመለከተ፥ ፍጥነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች ባንድነት ሲሠሩ ሁለቱም በዘገምተኛዋ ልክ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ለፈጣኗ ትርፍ ዋጋ አይክፈሉ። ማሽኑ ሊሸከም የሚችለውንም ልክ ከአምራቹ መግለጫ ይመልከቱ። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ቢጨምሩለት አይጠቀምበትም። በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ደግሞ ራሟ ከዋናው ሰሌዳ ጋር የተበየደች ስለሆነች፥ ከመግዛትዎ በፊት ማስገቢያ መኖሩን ያረጋግጡ።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። ማሽኑን አጥፍተው ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ባትሪውንም ያላቁ። በሰውነት ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ሙል ራሟን እንዳይጎዳት አስቀድመው ብረት ይንኩ። ከዚያም አሮጌዪቱን ራም አውጥተው፥ ላፕቶፑን ጭምር ይዘው ወደ ሱቅ ይሂዱ። «8 ጊጋ ራም» ከማለት ይልቅ «የዚህችን ዓይነት» ይበሉ። ገንዘቡንም ከመክፈልዎ በፊት ማሽኑ ሲነሣ በዓይንዎ ይዩ፤ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለጥምጥም ብቻ አይደለም። ያችን አንዲት ፊደል ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ ሳያነቡ የገዟትን ዋጋ ለመተካት ግን ሌላ የወር ደመወዝ መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል።