«ቀልድ ነው» አትበሉን

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ እስከ ጎፋ፣ ተማሪ ሲለቀቅ በር ላይ ቆማችሁ ስሙ። የሚንተባተበው ልጅ ስሙ ተረስቶ ቅጽሉ ብቻ ቀርቷል። ሲከፋው «ቀልድ አይችልም» ይባላል። አንዳንዴ መምህሩም አብሮ ይስቃል።

ወንድሜ፣ በ2017 አክሱም ውስጥ እህቶቻችን በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት ሲከለከሉ ጮኸናል፤ ልክም ነበርን። ታዲያ አጠገባችን የተቀመጠውን ልጅ እኛው ስናሸማቅቀው ያ ጩኸት የት ገባ? ሱረቱል ሑጁራት መሳለቅንም፣ በመጥፎ ቅጽል መጠራራትንም ለይቶ ከልክሏል። አቡ ዘር (ረ.ዐ) አንድን ሰው በእናቱ ሲያነውር፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የጃሂሊያ ባሕርይ እንዳለበት ነግረውታል። ያውም ሰሓባ ሆኖ!

ርዕሳነ መምህራንስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከጭካኔ አያያዝ ይጠብቃል። ለዩኒፎርም ቀለም የምትጨነቁትን ያህል፣ የተበደለ ልጅ ሳይፈራ የሚነግረው አንድ ሰው መድቡ።

አንተም ነገ ያ ቅጽል ሲጠራ አትሳቅ። ልጁን በስሙ ጥራው።