በጋ ሥራ የለም ያለው ማን ነው?

«በበጋ ገበሬው ሥራ ስለማይኖረው…» ብሎ የሚጀምር ንግግር ስንት ጊዜ ሰምታችኋል? በስብሰባ ይባላል፣ በዕቅድ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ኢኮኖሚክስ በተማርኩበት ክፍልም በሌላ ስም ተምረነዋል፤ «ድብቅ ሥራ አጥነት» ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ገጠር ውስጥ ከሥራው በላይ ሰው አለ፣ ስለዚህ የተወሰነው ሰው ቢነሣ ምርቱ አይቀንስም ነው ነገሩ። እኔ ግን ደባርቅና ዳባት መካከል ባለ የገበሬ ቤት ያደግኩ ነኝና፣ ይህ «ትርፍ ጉልበት» የተባለው ነገር ከጥር እስከ ግንቦት የት ተቀምጦ እንደሚውል ጥያቄ አለኝ።

ለሐሳቡ በዋናነት ስማቸው የሚነሣው አርተር ሉዊስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተሙት ጽሑፍ በድሃ አገሮች ግብርና ውስጥ ወደ ፋብሪካ ሊዛወር የሚችል ብዙ ጉልበት አለ አሉ። አሥር ዓመት ቆይቶ ቴዎዶር ሹልዝ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ተከራከሯቸው። ሹልዝ ማስረጃ ያደረጉት እ.ኤ.አ. በ1918 እና በ1919 ሕንድን የመታውን የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ነበር፤ ሰው ሲያልቅ የሚዘራው መሬትም አብሮ ቀነሰ። ጉልበቱ ትርፍ ቢሆን ኖሮ መሬቱ ጦሙን ባላደረ ነበር ማለታቸው ነው። የሚገርመው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የኖቤል ሽልማቱን ሁለቱም አብረው ተካፈሉት። የእኛ አገር ስብሰባ ግን የሰማው ሉዊስን ብቻ ይመስላል።

እስቲ ከመጽሐፉ ወጥተን ወደ ግቢው እንግባ። መኸሩ ተወቅቶ፣ ገብሱና ባቄላው ጎተራ ሲገባ ሥራ ያለቀ የሚመስለው ለመንገደኛ ነው። ለባለቤቱ ሌላው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው። የሳር ክዳን ያለው ቤት የሳሳበት ቦታ ተፈልጎ ሳር ይደረብበታል። ቆርቆሮ ከሆነ ነፋስ ያላላው ሚስማር አንድ በአንድ ይመታል። የአጥሩ እሾህ ይለወጣል። ጎተራው ይመረጋል። ገለባው እስከ ሐምሌ ሣር እንዲያደርስ በልክ በልክ ይመዘናል፤ በሚያዝያ ያለቀበት ሰው ወይ በሬውን በርካሽ ይሸጣል ወይ ገለባ በውድ ይገዛል። ኩበቱ ዝናብ ሳይመጣ ተጠፍጥፎ፣ ደርቆ፣ ተከምሮ ማለቅ አለበት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ምርጊቱ ነው። ቀን ፀሐዩ፣ ሌሊት ውርጩ ሲፈራረቅበት የከረመ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ጭቃ ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ ቀናት ተብላልቶ መመረግ አለበት፤ ክረምት ከገባ ደግሞ አይደርቅም። ስለዚህ የግድ በበጋ ነው። ለጭቃው ግን ውሃ ያስፈልጋል፣ ያውም ምንጩ በቀጠነበትና ወረፋው በረዘመበት ወር! ቤት ለማደስ ደረቅ ወራት ይፈለጋል፣ ደረቅ ወራት ደግሞ ውሃ የለውም። ይህ ወግ አይደለም፤ የቤት ወጪ ነው። ሊማሊሞን ወርዶ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ ሲዘለቅ ደግሞ ሙቀቱ ይጨመርበትና ሰውም ከብትም የሚጠጣው ይበዛል።

እንግዲህ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ቤት በቀን አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል እንበል። ደርሶ መልሱ ወረፋውን ጨምሮ 45 ደቂቃ ቢፈጅ በቀን ሦስት ሰዓት ነው። በወር 90 ሰዓት ይሆናል። በስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ስናካፍለው ከ11 ቀን በላይ ነው፤ ለውሃ ብቻ። የሚሸከመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በ2005 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የጊዜ አጠቃቀም ጥናትም ያለ ክፍያ የሚሠራው የቤት ሥራ ጫና በሴቶች ላይ እንደሚያርፍ አሳይቷል።

አሁን ወደ ሚያናድደው ልምጣ። አገሮች ምርታቸውን የሚለኩበት ዓለም አቀፍ የብሔራዊ ሒሳብ ሥርዓት አለ። በሥርዓቱ መሠረት ውሃ መቅዳትና ማገዶ መልቀም እንደ ምርት መቆጠር ይገባቸዋል። ገበሬው አዲስ ቤት ለራሱ ቢሠራም ይቆጠርለታል። ያለውን ቤት ራሱ ቢመርግና ትንንሽ ጥገና ቢያደርግ ግን ከምርት ድንበር ውጭ ነው፤ ምግብ ማብሰልና ቤት መጥረግም እንደዚሁ። በአጭሩ፣ መገንባት ሥራ ነው፣ ማቆየት ግን ሥራ አይደለም። «በጋ ሥራ የለም» የሚለው አባባል ከዚሁ ዓይነት መነጽር የሚመጣ ይመስለኛል።

ይህ መነጽር ግቢ ውስጥ ብቻ አይቀርም። በተለይ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በበጋ ሕዝቡ ለተፋሰስ ልማት ይወጣል፤ ያለ ክፍያ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይደረድራል። የሰሜን ተራሮች ግርጌ ዳገታማ መሬት ነውና የሥራውን ጥቅም አልክድም። አፈር ከታጠበ በኋላ አይመለስም። ችግሩ ዜናው ሁልጊዜ «ይህን ያህል ሄክታር አዲስ እርከን» መሆኑ ነው። የካቻምናው እርከን የት ደረሰ? አዝመራው ከተነሣ በኋላ ከብት ቃርሚያው ላይ በልቅ ሲሰማራ ካቡን ይረግጠዋል፣ አንድ ድንጋይ ይወድቃል። በመጀመሪያው ዝናብ በዚያች ክፍተት ጎርፍ ይገባና እርከኑን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። አንድ ድንጋይ መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነበር። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ይህንን ነው። የእጅ ፓምፑም ታሪክ ተመሳሳይ ነው፤ ትንሽ ዕቃ ተበላሽቶበት ወራት የሚቆም ፓምፕ ያላየ ሰው ገጠር አልሄደም ማለት ይቻላል። ምረቃው ሪባን አለው፣ ጥገናው ግን በጀት የለውም።

«ታዲያ እናንተ ተምራችሁ ከተማ የገባችሁት ልጆች ቅዳሜና እሑድ ሄዳችሁ አትሠሩም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እንሄዳለን። ግን ነገሩ እንደ ከተማው «ዊክኤንድ» አይደለም። አገሬው ቅዳሜን «ቀዳሚት ሰንበት» ብሎ ያከብራል፤ አይታረስም፣ አይቆፈርም፣ እንጨት አይፈለጥም። እሑድም እንዲሁ። ዓርብ ማታ ከጎንደር ተሳፍሬ ደርሼ ጠዋት ሚስማርና መዶሻ ሳነሳ እናቴ «ሰንበት ነው ልጄ፣ መዶሻው ሰኞም ይገኛል» ትለኛለች። መዶሻው ሰኞ ይገኛል፣ እኔ ግን ሰኞ ጎንደር ነኝ። ስለዚህ የከተማ ልጅ እጁ የሚፈታበት ቀን አገሩ እጁን የሚያጥፍበት ቀን ነው። ሰንበትን ለመንቀፍ አይደለም፤ በሬውም ሰውም የሚያርፍበት ሌላ ቀን የላቸውም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሰንበት ወንዱን ከሞፈር ያሳርፈዋል፣ ሴቷን ግን ከጀሪካን አላሳረፋትም። ቅዳሜ ጠዋት ምንጩ ጋ ያለው ወረፋ እንደ ማክሰኞው ነው።

ስለዚህ የበጋው ጥገና በማን ትከሻ ላይ ወደቀ? ቤት በቀሩት፣ በአረጁትና በሴቶች። ጉልበት ያለው ወጣት ገሚሱ ከተማ ነው፣ ገሚሱ ቀን ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዷል። ሌሎች ወገኖች «ይሂድ እንጂ! በዚያች ጠባብ መሬት ላይ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። መሬቱ መጥበቡ እውነት ነው። ወጣቱ እንዳይሄድ የሚከለክል ሐሳብም የለኝም። እኔም ሄጃለሁ። የምለው፣ ሲሄድ በነፃ አይሄድም ነው። እሱ ያልመለሰው ድንጋይ፣ ያልደረበው ሳር ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ የቀረው ሰው ነው።

ይህ «ሥራ ፈት» የተባለ ጉልበት ለአገርም ደርሶ ያውቃል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ እሳቱን ሲታገል የነበረው ገበሬው ነው፤ ቅጠልና አፈር ይዞ። እነዚያ ቀናት ከምርጊትና ከአጥር ሥራ የተቀነሱ ቀናት ነበሩ። ማንም ግን አልቆጠራቸውም።

ምን ይደረግ? ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ከበጋው ዘመቻ ቀናት የመጀመሪያዎቹ ለነባሩ እርከን ጥገና ይሁኑ፤ ሪፖርቱም «ይህን ያህል ሠራን» ከማለቱ በፊት «ይህን ያህል ቆሞ አገኘን» ይበል። ሁለተኛ፣ የዘመቻው ቀን ሲቆረጥ የቤቱ ሥራ ይታሰብ፤ የአቅመ ደካሞች ቤት ምርጊትና ክዳን በደቦ የሚሠራበት ቀን ከዘመቻው ላይ ይቆረስ። ደቦና ወንፈል አዲስ ፈጠራ አይደሉም፣ ሕዝቡ ያውቅበታል። ሦስተኛ፣ የውሃ ተቋም ሲመረቅ የመለዋወጫው ገንዘብና ጠጋኙ ሰው አብረው ይመረቁ። ምንጩ ቤት አጠገብ ሲመጣ የሚተርፉት 90 ሰዓቶች የማንም ፋብሪካ ሊሰጠን ከሚችለው የቀረቡ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ስለ ትርፍ ጉልበት እናውራ። እስከዚያው ግን «በጋ ሥራ የለም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በየካቲት ወር አንድ ሳምንት ዳባት ገጠር ልኩት፤ ጀሪካኑን ይዞ እንዲሄድ ንገሩት።

ቸር እንሰንብት!