ወንጭፍ የተባለው ጋዜጣ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 9 ቀን 1897 ፓሪስ ውስጥ «ላ ፍሮንድ» የሚባል አዲስ ዕለታዊ ጋዜጣ ወጣ። ቃሉ በፈረንሳይኛ ወንጭፍ ማለት ነው፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በቤተ መንግሥቱ ላይ የተነሣው ዐመፅም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። በዚያን ጊዜ ፓሪስ ጋዜጣ አልጎደላትም ነበር። ይህኛውን የለየው ዜናውን የሚያመጡት፣ ርዕሰ አንቀጹን የሚጽፉት፣ ስሕተቱን የሚያርሙት፣ ሒሳቡን የሚይዙት፣ የእርሳሱን ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ገጹን የሚያቆሙት ሁሉ ሴቶች መሆናቸው ነው። መሥራቿና ዋና አዘጋጇ ማርጌሪት ዱራን 33 ዓመቷ ነበር። ዛሬ ስሟ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚቀድመው ውበቷ፣ «ነብር» ብላ የሰየመቻት አንበሳዋ፣ ከፓሪስ ዳር አስኒዬር ላይ ካቋቋሙት አንዷ የሆነችበት የውሾች መቃብር ነው። ይህ ወሬ ትልቁን ነገር ይጋርደዋል። በእኔ እምነት የዱራን ዋና ሥራ በብዕሯ ያሰፈረችው ሐሳብ ሳይሆን ያቋቋመችው የሥራ ቤት ነው። ሴት ትችላለች አትችልም የሚለውን የዘመናት ሙግት ከአዳራሽና ከመጽሐፍ አውጥታ በየማለዳው በሚሸጥ ወረቀት መለሰችው።

መልሱ ለምን በዚህ መልክ መምጣት እንደነበረበት የሚገባን የጊዜውን የፈረንሳይ ሕግ ስናስታውስ ነው። የ1804ቱ የናፖሊዮን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚስት ለባሏ መታዘዝ አለባት ይል ነበር። ያገባች ሴት በገዛ ላቧ ባገኘችው ደመወዝ እንደፈቀደች የማዘዝ መብት ያገኘችው በ1907 ነው። በልደትና በጋብቻ መዝገብ ላይ ምስክር ሆና መፈረም የተፈቀደላት ዲሴምበር 7 ቀን 1897 በወጣ ሕግ ነበር፤ ላ ፍሮንድ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው። በዚያው ሰሞን፣ ኖቬምበር 30 ቀን፣ የፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዣን ሾቫን የጥብቅና መሐላ እንዳትፈጽም ከለከላት። ሾቫን በሕግ ዶክትሬት ነበራት። ዕውቀት ያንሳታል ያለ ዳኛ አልነበረም፤ በሕጉ ዓይን ጥብቅና የወንድ ሥራ ስለነበር ብቻ ተመለሰች። የችሎታ ጥያቄ በማስረጃና በክርክር የሚፈታ ቢሆን ኖሮ ሾቫን ያን ቀን ረትታ ትወጣ ነበር። በቃል የማይረታን ነገር በሌላ መንገድ መግጠም ያስፈልግ ነበር።

ከዱራን በፊት የሴቶች ጋዜጣ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1848ቱ አብዮት ኤዤኒ ኒቧዬ «የሴቶች ድምፅ» የተባለውን አውጥታለች፤ በ1881 ኢዩበርቲን ኦክሌር «ዜጋዪቱ» የተባለውን ጀምራለች። በሐሳብ ጥራትና በጽናት ኦክሌር ከዱራን ትበልጣለች የሚል ቢመጣ አልሟገተውም፤ ኦክሌር የምርጫን መብት ከማንም ቀድማ የሁሉ ነገር ቁልፍ አድርጋ ያየች ሴት ናት። ነገር ግን እነዚህ ጋዜጦች ስለ ሴቶች ጉዳይ ለሚያስቡ ሰዎች የሚጻፉ ነበሩ። ጉዳዩ የማይገደው ሰው አያነባቸውም። ዱራን የፈለገችው ጉዳዩ የማይገደውን ሰው ነው፤ ይህን ፍላጎት ያመጣችውም ከሕይወቷ ነው። ከጋብቻ ውጭ የተወለደች፣ በመነኮሳት ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ነበረች። በ1881 የኮሜዲ ፍራንሴዝ ተዋናይት ሆነች። በ1888 መድረኩን ትታ ጠበቃና የፓርላማ አባል የሆነውን ዦርዥ ላጌርን አገባች፤ የጄኔራል ቡላንዤን ፖለቲካ በሚደግፈው የባሏ ጋዜጣም የኅትመትን ሥራ ከውስጥ ተማረች። ከባሏ ከተለያየች በኋላ «ለ ፊጋሮ» ገባች። በ1896 ጋዜጣው ፓሪስ ውስጥ በሚደረግ የሴቶች መብት ጉባኤ ላይ የሚያላግጥ ጽሑፍ እንድትጽፍ ላካት። ሄዳ አዳመጠች፤ ጽሑፉን አልጽፍም አለች። ዓመት ከመንፈቅ አለፍ ካለ በኋላ የራሷን ጋዜጣ አወጣች።

በሴን ዦርዥ ጎዳና ቁጥር 14 የተከፈተው ቤት በጥንቃቄ የተሰናዳ ነበር። የመጀመሪያው ዕትም 200,000 ቅጂ እንደታተመ ይነገራል። ሴቨሪን በስሟ ዓምድ ያዘች፤ እርሷ የጋዜጠኛው የዡል ቫሌስ ደቀ መዝሙር ሆና «የሕዝብ ጩኸት» የተባለውን ጋዜጣ እስከ መምራት የደረሰች፣ በፈረንሳይ ጋዜጠኝነት አንቱ የተባለች ሴት ናት። ክሌሞንስ ሯዬ ስለ ሳይንስ ጻፈች፤ የዳርዊንን መጽሐፍ በ1862 ወደ ፈረንሳይኛ የመለሰችው እርሷ ናት። የሕፃናት ትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪዋ ፖሊን ኬርጎማር ስለ ትምህርት፣ ከፍርድ ቤት የተመለሰችው ሾቫንም ስለ ሕግ ጻፉ። ኤሌን ሴ ከፓርላማ ትዘግብ ነበር፤ ወደ ጋዜጠኞች መቀመጫ የገባችው የሴትን መብት ልትጠይቅ ሳይሆን የዕለቱን ክርክር ልትጽፍ ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። መብት ጠያቂን በር ላይ ማቆም ይቻላል፤ ነገ ማለዳ የሚወጣ ጋዜጣ ዘጋቢን ማቆም ግን ምክንያት ያስፈልገዋል። ጋዜጣው ፖለቲካውን፣ የአክሲዮን ገበያውን፣ ስፖርቱንና የውጭ አገሩን ዜና እንደማንኛውም ትልቅ ጋዜጣ ይዞ ስለወጣ የሚቀልዱበት ሰዎች «ቀሚስ የለበሰው ለ ታን» አሉት። «ለ ታን» በዘመኑ ከሁሉ የከበደው ጋዜጣ ነበር። ፌዘኞቹ ሳያውቁት መሰከሩለት። በራስጌው ላይ ደግሞ ዕለቱ በግሪጎርዮሳዊው፣ በአይሁድ፣ በሩሲያ ኦርቶዶክሶችና በፈረንሳይ አብዮት አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ ነበር። ሁለት ዘመን አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር የአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ ቤተ ክርስቲያንና ሪፐብሊክ በሚፋጁባት ፓሪስ ግን ጋዜጣው የማንም ወገን መጠቀሚያ እንዳልሆነ የሚያስታውቅ ምልክት ነበር።

የዱራን ሙግት ከሁሉ ይልቅ የጠራው ግን ጸሐፊዎቹ በተቀመጡበት ፎቅ ላይ ሳይሆን ፊደል ለቃሚዎቹ በቆሙበት ክፍል ነው። የተማሩ ሴቶች ሲጽፉ ፈረንሳይ ከዚያ በፊትም አይታለች። በእጅ የሚሠራውን፣ ደህና ደመወዝ የሚከፈልበትን፣ ወንዶች በማኅበር አጥረው የያዙትን ሙያ መያዝ ሌላ ነገር ነው። የፈረንሳይ የመጻሕፍት ሠራተኞች ፌዴሬሽን ሴቶችን አይቀበልም ነበር። ምክንያቱም ባዶ አልነበረም፤ አሠሪዎች ሴቶችን በርካሽ እየቀጠሩ የወንዶቹን ደመወዝ ይጎትቱ ነበርና። ዱራን ለሴት ለቃሚዎቿ ለወንድ የሚከፈለውን ያህል ከፈለች። በዚህም የፌዴሬሽኑን ምክንያት በተግባር አስወገደችው ማለት ነው። የሚቀጥለው መሰናክል ሕጉ ነበር። የኖቬምበር 1892ቱ የሥራ ሕግ ሴቶች በሌሊት እንዳይሠሩ ያግዳል፤ የማለዳ ጋዜጣ ደግሞ የሚሠራው ሌሊት ነው። ሕጉ ሴቶችን ለመጠበቅ የወጣ ነው ይባላል፤ የዓላማውን ቅንነት መጠራጠር አያስፈልግም። ነገር ግን ሕጉን ተከትሎ የወጣው ደንብ ሴቶች በሌሊት ጋዜጣ እንዲያጥፉ ይፈቅድ ነበር። እንግዲህ ያችው ሴት፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ማተሚያ ቤት፣ በአነስተኛ ክፍያ ወረቀት ብታጥፍ ጤናዋ አይጎዳም፤ በደህና ክፍያ ፊደል ብትለቅም ይጎዳል። ይህን ያህል ግልጽ ማስረጃ የትኛውም ጽሑፍ ሊሰጥ አይችልም። ለሴት የተከለከለው ሌሊቱ እንዳልነበረ፣ የተከለከለው ደመወዙ እንደነበረ ያሳየው የላ ፍሮንድ የሥራ ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል፤ ማለፍም አይገባም። በ1901 ናንሲ ከተማ በሚገኘው የበርዤ ለቭሮ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚዎች አድማ ሲመቱ፣ ዱራን ያቋቋመችው የሴት ለቃሚዎች ማኅበር ሴቶችን ልኮ የአድመኞቹን ቦታ አስያዘ። የሠራተኞች እንቅስቃሴ ይህን አልረሳም። የሴቶቹ ማኅበር ከሠራተኛ ማኅበራቱ የጋራ ቤት ተባረረ፤ «የሴቶች መብት የሚሉት የባለጠጎች ተንኮል ነው» የሚለው ክስም ማስረጃ አገኘ። ድርጊቱ ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ። የተራበ አድመኛ ቦታ ላይ ሌላ ድሃ ማስቀመጥ ለሁለቱም አይበጅም፤ ዱራንም የእጅ ሠራተኛ ሆና ስለማታውቅ አድማ ለሠራተኛው ምን እንደሆነ አልገባትም። ይሁን እንጂ ክሱ ሊያስረዳ የሚፈልገው ከዚህ ያለፈ ነው፤ ወንዶቹ ሴቶችን ያገለሉት ሴቶች ደመወዝ ስለሚያረክሱና አድማ ስለሚሰብሩ ብቻ ነው ይላል። ይህን የሚያፈርሰው በ1913 ሊዮን ውስጥ የሆነው ነው። ኤማ ኩሪዮ የተባለች ፊደል ለቃሚ በማኅበሩ ታሪፍ ሙሉ ደመወዝ እየተከፈላት አባል ልሁን ብላ አመለከተች። አልተቀበሏትም፤ ይባስ ብሎ ሚስቱን ከሥራ ስላላስቀረ ባሏን ከማኅበሩ አስወጡት። ፌዴሬሽኑ በ1910 ጉባኤው ሴቶችን በእኩል ደመወዝ ለመቀበል ወስኖ ነበር፤ ሊዮን ላይ ግን ውሳኔው ወረቀት ሆኖ ቀረ። ኤማ ኩሪዮ አድማ አልሰበረችም፣ ዋጋም አላረከሰችም። ናንሲ የዱራን ጥፋት ነው፤ ለማኅበሩ በር መዘጋት ግን ምክንያት አይሆንም፤ በሩ ከናንሲ በፊትም ከናንሲ በኋላም ዝግ ነበርና።

ሌላው ነቀፋ በውበቷና በገንዘቧ ላይ ያነጣጠረ ነው። ዱራን በደንብ ትለብስ ነበር፤ ጋዜጣዋም እንደ እርሷ ያጌጠ ነበር፤ ሀብታም ወዳጆችም ነበሯት። ጋዜጣው የአይሁድ ገንዘብ አለበት የሚለው ወሬ አይሁዳዊው መኮንን ድሬፉስ በሐሰት በተከሰሰበት ጉዳይ ወቅት መናፈሱ አያስገርምም፤ ላ ፍሮንድ ለድሬፉስ ቆሞ ነበር፣ ሴቨሪንም የ1899ኙን የሬን ችሎት እየተከታተለች ትጽፍ ነበርና። ይህ የጥላቻ ወሬ ነው፤ ክብደት አልሰጠውም። ከውስጥ የመጣው ነቀፋ ግን ይከብዳል። ሐኪሟ ማድሌን ፔልቲዬ ጸጉሯን ተቆርጣ፣ የወንድ ኮት ለብሳ ትሄድ ነበር፤ አንገቱ ወርዶ የተቆረጠ ቀሚስ ለእርሷ የባርነት ምልክት ነው። በፔልቲዬ ዓይን ሲታይ ዱራን ወንዶችን የምታሸንፈው ወንዶች በሚወዱት ነገር ነው። ፔልቲዬ ስለ ወደፊቱ ትክክል ልትሆን ትችላለች። በ1897 ግን የካርቱን ሠዓሊዎች መብት የምትጠይቅን ሴት የሚስሉት ባል ያጣች፣ የተጎሳቆለች አስቀያሚ አድርገው ነበር። ተዋናይት የነበረችው ዱራን ይህን ሥዕል በመልስ ጽሑፍ ማስተባበል ከንቱ መሆኑን ታውቃለች፤ በአካል ታየችና አፈረሰችው። ዘዴው ለእርሷና ለጥቂት መሰሎቿ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ግን እውነት ነው፤ ድክመቱም እዚያ ላይ ነው።

ጋዜጣው ዕድሜው አጭር ነበር። ከሴፕቴምበር 1903 ጀምሮ ወርኃዊ ሆነ፤ በማርች 1905 ቆመ። ስድስት ዓመት የማይሞላ ዕለታዊ ጋዜጣ ምን ይባላል የሚል ሰው ይኖራል። እኔ የማየው ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ምን እንደተለወጠ ነው። ጋዜጣው የታገለለት፣ ለሴቶች ጥብቅናን የፈቀደው ሕግ በዲሴምበር 1 ቀን 1900 ወጣ፤ በዚያው ወር 19ኛው ቀን ላይ ዣን ሾቫን መሐላዋን ፈጸመች። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ የተደረገውን የሴቶች ሁኔታና መብት ዓለም አቀፍ ጉባኤ ካደራጁት አንዷ ዱራን ነበረች። ዋናው ለውጥ ግን በሕግ ጋዜጣ ላይ አይገኝም። ከላ ፍሮንድ የወጡት ሴቶች የሙያ ስም ይዘው ወጡ፤ የፓርላማ ዘጋቢ፣ ለቃሚ፣ አራሚ፣ ዓምደኛ ሆነው። በ1910 ዱራን ራሷ ለምክር ቤት ለመወዳደር ተነሣች፤ ኦክሌርና ፔልቲዬም እንዲሁ። የምርጫ በር ግን ሥራ ስለሠሩ ብቻ የሚከፈት አልነበረም። የፈረንሳይ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የሰጡት ኤፕሪል 29 ቀን 1945 ነው፤ ሦስቱም አልደረሱበትም። የሙግቷ ወሰን እዚህ ላይ ይታያል፤ ችሎታን በሥራ ማሳየት የሙያን በር ይከፍታል፤ ሥልጣንን ለመካፈል ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ኦክሌር ይህን ቀድማ አውቃዋለች።

ዱራን ለዚህ ወሰን የሰጠችው መልስ ማስቀመጥ ነበር። መጻሕፍቱን፣ ደብዳቤዎቹን፣ የጋዜጣ ቁርጥራጮቹን፣ ፎቶግራፎቹን ለአሥርተ ዓመታት ሰበሰበች፤ በ1931 ሁሉንም ለፓሪስ ከተማ ሰጠች። ቤተ መጻሕፍቱ በቀጣዩ ዓመት በ5ኛው ወረዳ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ተከፈተ፤ እርሷም ማርች 1936 እስክትሞት ድረስ ያለ ደመወዝ መራችው። ዛሬ በስሟ ይጠራል፤ የሚገኘው ግን በ13ኛው ወረዳ በናሲዮናል ጎዳና ነው። የመጀመሪያው ቦታው የፓንቴዮን አደባባይ ላይ ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት የቆመው ትልቁ ሕንፃ፣ የአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች የሚያርፉበት ፓንቴዮን፣ በግንባሩ ላይ አገር ለታላላቅ ወንዶቿ ያላትን ምስጋና የሚገልጽ ጽሕፈት ተቀርጾበታል። ዱራን በሞተች ጊዜ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ያረፈች ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ ሶፊ በርተሎ። እርሷም በ1907 የገባችው ከባሏ ከኬሚስቱ ማርሴላን በርተሎ እንዳትለይ ተብሎ ነው። አደባባዩን ተሻግሮ ባለው ክፍል ውስጥ ግን የዣን ሾቫን፣ የክሌሞንስ ሯዬ፣ የሴቨሪን ሥራ በየመደርደሪያው ተቀምጦ አንባቢ ይጠብቅ ነበር።