በመንዝ ከፍታ ላይ የትኛው ሞተር ይፍጭልን?

ለሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በውጭ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ አዛውንት በየሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ የቤንዚን ሣር ማጨጃቸውን ያስነሡ ነበር። የሞተሩ ጩኸት ሰፈሩን ይሞላዋል፤ የጭሱ ሽታም በመስኮቴ ይገባል። አንድ ቅዳሜ ግን ጩኸቱ ቀረ። ወደ ውጭ ብመለከት ሽማግሌው በባትሪ የሚሠራ ማጨጃ ገዝተው ሣራቸውን በጸጥታ ያጭዳሉ። ይህ ለውጥ በእርሳቸው ግቢ ብቻ አልቀረም። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ በ2014 ዓ.ም. ባወጣችው ሕግ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የሚመረቱ አብዛኞቹ አዳዲስ የሣር ማጨጃዎችና መሰል አነስተኛ ሞተሮች ጭስ አልባ እንዲሆኑ ተደንግጓል።

የተወለድኩት መንዝ ነው። በእኛ አገር ሣር የሚታጨደው በማጭድ ስለሆነ፣ የጓሳ ሣር ሞተር ፈልጎ አያውቅም። ከአገር ቤት ኑሮ ጋር የተቆራኘ ሞተር ግን አለን፤ እርሱም የወፍጮ ቤቱ ሞተር ነው። በልጅነቴ ገብስ የተጫነች አህያ እየነዳሁ ከእናቴ ጋር ወደ ወፍጮ ቤት ስንሄድ፣ ከሸንተረሩ ማዶ የሚሰማው የሞተር ድምፅ ወፍጮው መሥራቱን ያበስረን ነበር። ድምፁ ካልተሰማ ናፍጣ አልቋል፣ ወይም ሞተሩ ተበላሽቷል ማለት ነው። ያን ዕለት እህሉን አደራ ትተን እንመለሳለን፤ ማታ ደግሞ እናቴና እኅቶቼ ለራት የሚሆነውን ያህል በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በተለይም በመንዝና በግሼ፣ ወፍጮ ቤቶች ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ መዞራቸው በፊዚክስ ሚዛን ተገቢ ነው፤ ለደጋውም ከቆላው ይልቅ ይበልጥ ይገባል። ይሁን እንጂ ሽግግሩ የሚሳካው፣ የኤሌክትሪክ መግባት በተተከሉት ምሰሶዎች ብዛት ሳይሆን በወፍጮ ቤቱ በር ላይ በሚለካው ቮልቴጅ ሲመዘን ነው።

ሞተርም እንደ ሰው ይተነፍሳል

ከቆላ ወጥቶ መንዝ የገባ እንግዳ ዳገቱን ሲወጣ ትንፋሽ እንደሚያጥረው ሁላችንም አይተናል። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው 70 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ሌላው ስፍራ 21 ከመቶ ነው። የሚያንሰው በእያንዳንዱ ሊትር አየር ውስጥ የሚገኘው የኦክስጅን መጠን ነው።

የናፍጣ ሞተርም የእንግዳው ዕጣ ይደርስበታል። ፒስተኑ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሲሊንደሩ የሚስበው የአየር ይዘት ምንጊዜም ያው ነው፤ ክብደቱ ግን በከፍታ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ በሚገባ እንዲቃጠል 14 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ካነሰ፣ የሚቃጠለው ናፍጣም ማነስ አለበት። መካኒኮች በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ ከመቶ ያህል አቅም ይጠፋል የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ፋብሪካው «15 የፈረስ ጉልበት» ብሎ የጻፈበት ሞተር፣ መሐል ሜዳ ሲደርስ ከ11 የፈረስ ጉልበት እምብዛም አይበልጥም። በትልልቅ መኪኖች ላይ ያለው አየር አፋኝ መሣሪያ፣ ማለትም ተርቦ ቻርጀር፣ ይህን ጉድለት ያካክሳል፤ የገጠር ወፍጮ ሞተሮች ግን በአመዛኙ ይህ የላቸውም።

ወፍጮው ሲከብደውና ሞተሩ ሲያቃትት፣ አስፈጪው ተሰልፎ ያለበት ባለ ወፍጮ ምን ያደርጋል? ናፍጣ ይጨምርለታል። የተጨመረው ናፍጣ ግን የሚያቃጥለው ኦክስጅን ስለማያገኝ፣ ከፊሉ ጥቁር ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። በደጋ ወፍጮ ቤቶች ግድግዳ ላይ የምናየው ጥቁረት በገንዘብ የተገዛና ሳይሠራ የቀረ ነዳጅ ነው። ከገንዘቡም የሚከፋ ነገር አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2004 ዓ.ም. የናፍጣ ሞተር ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ መድቧል። ይህን ጭስ ተራ እየጠበቁ ለሰዓታት የሚተነፍሱት በአብዛኛው እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

ማቃጠል የማያስፈልገው ሞተር

የኤሌክትሪክ ሞተር ከናፍጣው ሞተር ጋር በዕድሜ የተቀራረበ ነው። ጋሊሌዮ ፌራሪስና ኒኮላ ቴስላ በየፊናቸው የኢንዳክሽን ሞተርን ለዓለም ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1888 ሲሆን፣ የሩዶልፍ ዲዝል ሞተር በተሳካ ሁኔታ የተፈተነው ደግሞ በ1897 ነው። በኢንዳክሽን ሞተር ውስጥ ሦስቱ የኤሌክትሪክ መስመሮች ተራ በተራ የሚዞር የማግኔት መስክ ይፈጥራሉ። መስኩ በመካከለኛው ዘንግ ላይ ኮረንቲ ይቀሰቅሳል፤ ኮረንቲውም ዘንጉን እየጎተተ ያዞረዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚቃጠል ነገር ስለሌለ ኦክስጅን አያስፈልግም። 10 ኪሎዋት የተባለው ሞተር ጅቡቲም ላይ ሆነ መሐል ሜዳ ላይ 10 ኪሎዋት ይሰጣል።

እርግጥ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተርም አየር ያስፈልገዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ለመቀዝቀዝ ነው። ቀጭን አየር ሙቀትን በደንብ ስለማይወስድ፣ ዓለም አቀፍ መመዘኛዎች የሞተርን አቅም የሚወስኑት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ድረስ ነው። ነገር ግን በመንዝ ቀን እንኳ የአየሩ ሙቀት ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። በከፍታው ያጣነውን ቅዝቃዜ በብርዱ እናገኘዋለን ማለት ነው።

አንድ ሰው በእጁ ሳያቋርጥ ሊሠራ የሚችለው 75 ዋት ያህል እንደሆነ ብንወስድ፣ ይህ ባለ 10 ኪሎዋት ሞተር ከ130 በላይ ሴቶች በመጅ ላይ አጎንብሰው የሚሠሩትን ይሠራል። ስለ ኤሌክትሪክ ስንናገር ብዙ ጊዜ የምናስበው አምፖልን ነው። እኔ ግን ለአንድ የገጠር ቀበሌ ከመቶ አምፖሎች ይልቅ አንድ በሚገባ የሚሠራ ወፍጮ ይበልጥበታል ባይ ነኝ። የወፍጮው ጥቅም ገና ቆጣሪ ላልገባበትም ቤት ይደርሳልና።

የአንድ ሊትር ሒሳብ

በአንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ ያለው ኢነርጂ 36 ሜጋጁል፣ ማለትም 10 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አነስተኛ የወፍጮ ሞተር ከዚህ ሩቡን ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል፣ ወፍጮው ዘንግ ላይ የሚደርሰው 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቀሪው በራዲያተርና በጭስ ማውጫ የሚባክን ሙቀት ነው። ጥሩ የኤሌክትሪክ ሞተር በበኩሉ ከተቀበለው 90 ከመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ስለሚለውጥ፣ ያንኑ ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛችሁም ብትሆኑ የዕለቱን ዋጋ ከማደያውና ከመብራት ደረሰኝ ላይ ወስዳችሁ፣ አንድ ሊትር ናፍጣን ከ2.8 ኪሎዋት ሰዓት ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። ወደ ገጠር ወጥቶ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ከማደያው እንደሚወደድ ደግሞ አትርሱ።

እያንዳንዱ ሊትር ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ናፍጣው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ የሚመጣ ሲሆን፣ የኤሌክትሪኩ አብዛኛው ክፍል ግን ከገዛ ወንዞቻችን የሚገኝ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲያስታውቅ፣ ክርክሩ ሁሉ ስለ አዲስ አበባ መኪኖች ነበር። ስለ ገጠሩ ወፍጮ የተከራከረ ግን አልሰማሁም።

ጸጥታው ሲበዛ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘመድ ጥየቃ አገር ቤት ገብቼ፣ ሞተሩን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠ አንድ ወፍጮ ቤት ደረስኩ። አስፈጪዎች ጆንያቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ወፍጮው ቆሟል። መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ባለ ወፍጮው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። «አያ፣ አዲሱ ሞተር እንዴት ነው?» ብላቸው፣ «ልጄ፣ ዝምታው ደስ ይላል፤ ዝም ብሎ ሲቀር ግን አያድርስ» አሉኝ። አሮጌው የናፍጣ ሞተር በሸራ ተሸፍኖ ጥግ ላይ ቆሟል። «እርሱን የምጥለው ሲያምኑኝ ነው» ሲሉም ጨመሩበት፤ ማንን ማለታቸው እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

የእኚህ ሰው ጥርጣሬ ፊዚክሳዊ መሠረት አለው። የኢንዳክሽን ሞተር የማዞር ኃይል ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ተመጣጣኝ ነው። በ380 ቮልት እንዲሠራ የታሰበ ሞተር ከረጅም መስመር ጫፍ ላይ 304 ቮልት ቢደርሰው፣ ቮልቴጁ የቀነሰው በ20 ከመቶ ነው፤ የማዞር ኃይሉ ግን ወደ 64 ከመቶ ይወርዳል። ገብሱ ሲከብደው ሞተሩ ፍጥነት ያጣል፣ ተጨማሪ ኮረንቲ ይስባል፣ ይግላል፤ በመጨረሻም የመዳብ ጥቅሉ ይቃጠላል። ሲነሣ ደግሞ ከመደበኛው አምስት እስከ ሰባት እጥፍ የሚደርስ ኮረንቲ ስለሚስብ፣ ደካማውን መስመር ይበልጥ ያዳክመዋል። ከሦስቱ መስመሮች አንዱ ቢቋረጥ መከላከያ የሌለው ሞተር በደቂቃዎች ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ደካማ መስመር ላይ የተተከለ የኤሌክትሪክ ወፍጮ፣ በከፍታ ላይ ከሚያቃትተው የናፍጣ ወፍጮ የባሰ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዝናብ ነው። በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውኃ በመቀነሱ ኤሌክትሪክ በፈረቃ ይዳረስ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ይህ ስጋት በነፋስና በፀሐይ ኃይል እየተደገፈ ካልሄደ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ለወፍጮ ግን አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ አምፖል ሌሊቱን ሊጠብቅ አይችልም፣ እህል ግን ይጠብቃል። ዋና መስመር በቅርብ የማይደርስባቸው የጃማ ሸለቆ ቀበሌዎች በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ወፍጮ ቢተከልላቸው፣ ውድ ባትሪ ሳይገዙ ፀሐይ ሲወጣ ፈጭተው ዱቄቱን ማኖር ይችላሉ። የተቀመጠው ዱቄት ራሱ ባትሪያቸው ይሆናል።

ታዲያ ምን ይደረግ?

በእኔ እምነት ሦስት ነገሮች ይቅደሙ። አንደኛ፣ ወደ አንድ ቀበሌ መስመር ሲዘረጋ ሦስቱም ፌዞች እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይድረሱ፤ ትራንስፎርመሩም በተቻለ መጠን ለወፍጮው ይቅረብ። ወፍጮ የሚሠራው በአብዛኛው ቀን፣ ቤተሰብ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ደግሞ ማታ ስለሆነ፣ ሁለቱ አንዱን መስመር ሳይጋፉ ይጠቀሙበታል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ወፍጮ የቮልቴጅ መውደቅንና የፌዝ መጥፋትን የሚከላከል መሣሪያ ይኑረው። የዚህ መሣሪያ ዋጋ ከተቃጠለ ሞተር ማስጠምጠሚያ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሦስተኛ፣ መስመሩ እስኪታመን ድረስ አሮጌው ሞተር በሸራው ሥር ይቆይ። ባለ ወፍጮው ለመጠንቀቃቸው ኋላ ቀር ሊባሉ አይገባም፤ የተሟላ መረጃ ሳያገኙ መደምደምን እምቢ ብለዋልና፣ ይህ እኛ ተመራማሪዎች ከተማሪዎቻችን የምንጠብቀው ጠባይ ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ክረምት ላይ ወደየአገራችሁ ስትገቡ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ወደ ሰፈራችሁ ወፍጮ ቤት ሂዱ። ወፍጮው በናፍጣ የሚሠራ ከሆነ፣ አንድ ኩንታል ገብስ ለመፍጨት ስንት ሊትር እንደሚፈጅ ጠይቁ። በኤሌክትሪክ ከሆነም ከመፈጨቱ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን አንብቡ፤ በወሩ ውስጥ መብራት ስንት ቀን እንደጠፋ መዝግቡ፤ ቮልቴጁን ግን ሙያው ያለው ሰው ይለካላችሁ። ያገኛችሁትን ቁጥር ለቀበሌውም፣ ለባለ ወፍጮውም አሳዩ። መስመሩን ለሚያስተዳድሩት ሰዎች «መብራት ይጠፋብናል» ከማለት ይልቅ «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት 304 ቮልት ደረሰን» ማለት ይበልጥ ጆሮ ያገኛል።

እናቶቻችን በመጅ ላይ ያጎነበሱበትን ዘመን ያሳጠረልን የናፍጣ ሞተር ነው፤ ውለታው አይካድም። ነገር ግን አየር በሚያጥርበት አገር አየር የማያቃጥል ሞተር እያለልን፣ በጭስ ውስጥ ተሰልፎ መቆየት ዕጣችን ሊሆን አይገባም። እኚያ አዛውንት ሸራውን ገፍፈው አሮጌውን ሞተር የሚሸጡበት ቀን ሲመጣ፣ ያን ጊዜ መብራት በእርግጥ ወደ መንዝ ገባ እላለሁ።