የታሸገ ዕቃ ዕውቀት አይሆንም

ዛሬ በደብረ ማርቆስ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሁሉ ሪሞት ኮንትሮል አይጠፋም። ሕፃኑም ሽማግሌውም ቁልፉን ይጫናል፤ ጣቢያውም ይለወጣል። ነገር ግን ከሚጫኑት መካከል ከእጃቸው ተነሥቶ እስከ ቴሌቪዥኑ የሚደርሰው ነገር ምን እንደሆነ የሚያውቁት ስንት ናቸው? ብለን ብንጠይቅ መልሱ የሚያስደስት አይሆንም። በመሣሪያ መገልገል አንድ ነገር ነው፤ የመሣሪያውን ምሥጢር ማወቅ ግን ሌላ ነው። የአንድ አገር ሥልጣኔ የሚመዘነው በሁለተኛው ነው ብለን እናምናለን።

ይህንን ምሥጢር ለመማር ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ለተማሪ መለማመጃ ተብሎ የሚሸጥ፣ ክፍሎቹ ተለያይተው በትንሽ ከረጢት የታሸጉ የኢንፍራሬድ መቀበያ አለ። በውስጡ የሚገኘውም ባለ ሦስት እግር መቀበያ፣ ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ አንዲት ትንሽ መብራት፣ መስመር የታተመበት ሰሌዳና ትእዛዝ የሚጻፍበት ማይክሮኮንትሮለር ነው። ተማሪው ክፍሎቹን በመበየጃ ብረት ያያይዛል፤ ከዚያም በኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽፎ ይህ ቁልፍ ሲጫን መብራቱ ይብራ፣ ያኛው ሲጫን ይጥፋ ብሎ ያዝዘዋል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ታሪኩ ግን የብዙ ሰዎች ድካም ያለበት ነው። ዐይናችን የማያየው፣ ከቀይ ብርሃን በታች ያለው ጨረር መኖሩን ዊልያም ኸርሸል በእንግሊዝ አገር የደረሰበት በ1800 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1955 ዩጂን ፖሊ የተባለው አሜሪካዊ የዜኒት ኩባንያ ሠራተኛ በብርሃን የሚሠራ የቴሌቪዥን ማዘዣ አወጣ። ነገር ግን መቀበያው የሰውን ትእዛዝ ከፀሐይ ብርሃን ለይቶ አያውቅም ነበርና ፀሐይ ስታርፍበት ጣቢያው በገዛ እጁ ይለወጥ ጀመር። በዓመቱ ሮበርት አድለር ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የሚሠራውን አቀረበ። ወደ ኢንፍራሬድ የተሻገሩት ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይተው ነው። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ ሁሉ የራቀ ታሪክ አለመሆኑን እንረዳለን።

ታዲያ የዛሬው መቀበያ የሰውን ትእዛዝ ከፀሐይ ብርሃን እንዴት ይለያል? እዚህ ላይ የጎጃም ሰው የሚያውቀው ምሳሌ አለ፤ እርሱም ሰምና ወርቅ ነው። ማዘዣው ጨረሩን በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ያርገበግበዋል። ይህ ሰሙ ነው። ፀሐይም፣ የምድጃ ሙቀትም፣ የሰው ገላም ኢንፍራሬድ ያወጣሉ፤ ዳሩ ግን በዚህ ልክ አይርገበገቡም። መቀበያውም ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ብቻ በአንድ እግሩ ያወጣል። ወርቁም በብዙ ማዘዣዎች ዘንድ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ለ9 ሺህኛ ሰከንድ ብርሃን፣ ቀጥሎ ለ4 ሺህኛ ተኩል ዝምታ፣ ከዚያም 32 የዜሮና የአንድ ምልክቶች። አጭር ዝምታ ዜሮ ነው፤ ረዘም ያለው ዝምታ አንድ ነው። ስምንቱ ምልክት መሣሪያው ማን እንደሆነ፣ ስምንቱ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ ይናገራል። የቀሩት 16ቱ ያንኑ ቃል ገልብጠው ይደግሙታል። ቀጥታውና ግልባጩ ካልተስማሙ ቃሉ ይጣላል። ምስክሩን በመስቀለኛ ጥያቄ እንደሚፈትን ዳኛ ማለት ነው።

እንግዲህ ለተማሪዎቻችን ልናሳስብ የምንፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው። ብዙ ወጣት ይህንን መቀበያ የሚገጥመው ሌላ ሰው የጻፈውን ፕሮግራም እንዳለ ገልብጦ ነው። መብራቱ ሲበራ ተማርኩ ይላል። ሳይበራ ሲቀር ግን የሚይዘው የሚጨብጠው ያጣል፤ የት እንደተሰበረ አያውቅምና። የዋሸራንና የጎንጅን፣ የዲማ ጊዮርጊስን የቅኔ ጉባኤ ያፈራች ምድር ልጅ ይህን ማድረግ አይገባውም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ የሚያቀርብ ተማሪ ባለቅኔ አይባልም። ይህ ሥርዓት ለዘመናዊውም ትምህርት ይሠራል። ተማሪው አስቀድሞ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቃል በመቀበያው አንብቦ በደብተሩ ይመዝግብ፤ ቀጥሎ አንዲት መስመር ራሱ ይጻፍ፤ ከዚያ ይጨምርበት። ደግሞም ፍንጥር ባለው የጥቅምት ፀሐይ ሥር ከመሞከር በጥላ ይሞክር፤ ኀይለኛ ፀሐይ ሲያርፍበት መቀበያው ይደናገራልና። ከባትሪ ጀምሮ እጁ እስኪፈታ ድረስም 220 ቮልት ያለውን የቤት መሥመር አይንካ።

ሁለተኛው እንቅፋት ከጥንት የመጣ ነው። ብረት አቅልጦ የሚሠራውን ሰው ቀጥቃጭ፣ ጠይብ እያሉ መናቅ በአገራችን ብዙ ጉዳት አድርሷል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነው። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም መንፈሱ ገና አልጠፋም፤ በዲግሪው እየኮራ መበየጃ ብረት ለመያዝ የሚያፍር አለና። እጁ ያልለመደውን ነገር አእምሮው በሙሉ ሊያዝዘው አይችልም። ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ይባል የለምን?

ሦስተኛው ነገር የሚመለከተው ወጣቶቹን ሹማምንት ነው። የመለማመጃ ዕቃ ተገዝቶ፣ ተቆጥሮ፣ ገቢ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ በቁምሣጥን ተቆልፎ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አንድ ሬዚስተር ቢቃጠል፣ አንድ የመቀበያ እግር ቢሰበር ንብረት ጎደለ ተብሎ የሚጠየቀው መምህሩ ነው። መምህሩም ከመጠየቅ መቆለፍን ይመርጣል። በዚህም ዕቃው ይድናል፤ ተማሪው ግን ይጎድላል። ከሁለቱ የትኛው ጉድለት ለአገር እንደሚከፋ ለመፍረድ ሊቅ መሆን አያሻም። ስለዚህ እንደነዚህ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች እንደ ጠመኔና እንደ ወረቀት ባላቂ ዕቃ ተራ ይመዝገቡ፤ በቋሚ ንብረት አይታዩ። ሲገዙም ትርፍ ክፍል ታስቦ ይገዛ። በአንዲት ፊርማ፣ በአንድ ሞዴል 22 ወጪ፣ የተዘጋው ቁምሣጥን ይከፈታል። ይህ ፊርማ በወጣቱ ሹም እጅ ነው።

አንዳንድ ሰዎች፣ ያለቀለት ማዘዣና መቀበያ በገበያ ሞልቶ ሳለ መልፋት ለምን? ይሉ ይሆናል። አባባላቸው ለመገልገል ብቻ ቢሆን ልክ ነው፤ ለመብራቱ ሲባል መልፋት አያስፈልግም። ነገር ግን ምልክት መቀበል፣ ጊዜውን መለካት፣ እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየትና በዚያ መሠረት ማዘዝ የተማረ ወጣት፣ ነገ የእህል ጎተራን እርጥበት የሚለካ፣ የመስኖ ፓምፕን የሚያቆምና የሚያስነሣ፣ ከአልጋ መነሣት ለማይችል በሽተኛ መብራቱን በእጁ የሚያደርግ መሣሪያ ለመሥራት መንገዱ ተከፍቶለታል። ያለቀለትን ብቻ የገዛ ግን ሲበላሽበት ሌላ ከመግዛት በቀር ምርጫ የለውም።

በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲም፣ በሙያ ማሠልጠኛዎችም፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም ያላችሁ ወጣቶች ሆይ! መምህራችሁን ዕቃው ይከፈትልን ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። የተከፈተላችሁም ገልብጣችሁ አትርኩ። ፈተናውም በወረቀት ብቻ አይሁን፤ መምህሩ አንድ ሽቦ ነቅሎ፣ ከፕሮግራሙም አንዲት መስመር አጥፍቶ፣ የጎደለውን ፈልጋችሁ መልሱ ይበላችሁ። ያን ፈልጎ ያገኘ ተማሪ ዕውቀቱ የራሱ ነው፤ ማንም ቆልፎ ሊያስቀምጥበት አይችልም።